አሳሹ የለካው ይሰማ

የጥንት አሳሾችን ጉዞ መነሻ ያደረጉ የክላሲካልና የኤሌክትሮኒክ ቅልቅል ሥራዎች አብዛኞቹ ይመሳሰላሉ፦ ከሥር የነፋስ ቅጂ፣ ከመሃል የተንዛዛ ሲንተሳይዘር፣ ከላይ ቫዮሊን። ለጆሮ ይጥማሉ፤ አሳሹ ግን ከርዕሱ አልፎ ሙዚቃው ውስጥ አይገባም። ኤሌክትሮኒኩ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ አሳሹ የለካውን መሸከም አለበት ባይ ነኝ።

ጀርመናዊው አሳሽ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በ1802 (እ.ኤ.አ.) በዛሬዋ ኢኳዶር የሚገኘውን የቺምቦራዞ ተራራ ሲወጣ ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ይዞ ነበር። በራሱ ስሌት 5,878 ሜትር ገደማ ደርሷል፤ በዚያ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ግማሽ ያህል ነው። ለአውታር ኳርቴት (ሁለት ቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎ) እና ለኤሌክትሮኒክ ከባሕር ጠለል የሚነሳ የ12 ደቂቃ ሥራ እንጻፍ ብንል በየደቂቃው 490 ሜትር ይወጣል፤ ግፊቱ በግማሽ ሲቀንስ ኤሌክትሮኒኩም 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ዝቅ ይላል። ይህ ብቻውን አይበቃም። በ12 ደቂቃ የተሠራጨ 6 ዴሲቤል ሰሚው ሳያስተውለው ያልፋል። ስለዚህ የኤሌክትሮኒኩን ወፍራም ድምፅ የሚቆርጠው ፊልተር ከ60 ሄርዝ (በሰከንድ 60 ንዝረት) ተነስቶ ቀስ እያለ እስከ 200 ይውጣ። የቫዮሊን የመጨረሻው ወፍራም ድምፅ 196፣ የቼሎ ደግሞ 65 ሄርዝ ገደማ ነው፤ በመጨረሻ ከታች የሚቀሩት ቪዮላውና ቼሎው ብቻ ይሆናሉ። መሬት ከእግር ሥር ስትሸሽ የሚሰማው ያኔ ነው።

የፊንላንዱ የሙዚቃ ደራሲ ራውታቫራ በ1972 ለአእዋፍና ለኦርኬስትራ በጻፈው «ካንቱስ አርክቲኩስ» በቴፕ የተቀዳ የሰሜን ወፎች ድምፅ ተጠቅሟል። በሁለተኛው ክፍል የአንዲት ወፍ ዜማ ሁለት ኦክታቭ ዝቅ ብሏል። ቴፕ በሩብ ፍጥነት ሲዞር የሚሆነው ይኸው ነው። ወፏ ጌጥ አይደለችም፤ ኦርኬስትራው ከእርሷ ጋር ይጫወታል።

ሐሳቡ መድረክ ላይ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በቅኝት ነው። መቃኛው ኖታ «ላ» በሲንተሳይዘሩ 440 ሄርዝ፣ በተጫዋቾቹ 442 ከሆነ ያንን ኖታ አብረው ሲይዙ ድምፁ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ይርገበገባል፤ አድማጩም ጥፋቱን ለቫዮሊኖቹ ይሰጣል። ከልምምዱ በፊት አንዱን ቁጥር መርጦ መሣሪያውን በዚያ ማስተካከል ያሻል። የመድረክ መብራት ሲያሞቃቸው አውታሮች ይላላሉ፤ በክፍሎቹ መካከል እንደገና ለመቃኘት አንድ ደቂቃ ይተው።

ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። ድምፅ ማጉያው 10 ሜትር ከራቀ ድምፁ ተጫዋቹ ጋ የሚደርሰው 29 ሚሊሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ነው፤ ተጫዋቹም እርሱን ልከተል ሲል ይጎተታል። ከኳርቴቱ እግር ሥር አንድ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ማስቀመጥ፣ ወይም ቢያንስ ለቼሎው የጆሮ ማዳመጫ መስጠት ይበቃል።