አስር ቁጥር ለባሹ ሊቀመንበር

ከቀትር በኋላ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካሉት ካፌዎች በአንዱ ለግማሽ ሰዓት የተቀመጠ ሰው፣ ጅማ የአሰልጣኝም ሆነ የክለብ ፕሬዚዳንት እጥረት እንደሌለባት ይረዳል። ሰሞኑን ደግሞ ጠረጴዛው ሁሉ በአንድ መፍትሔ ተስማምቷል፦ ክለብ መመራት ያለበት ኳስ በተጫወተ ሰው ነው። ነጋዴ ትርፍ ያያል፣ ሹመኛ ወንበሩን ያያል፣ ኳስን የሚያያት ተጫዋች ብቻ ነው። ለዚህ ክርክር በምስክርነት የሚጠራው የአርጀንቲናው ቦካ ጁኒየርስ የቀድሞ አስር ቁጥር፣ የአሁኑ ፕሬዚዳንት ሁዋን ሮማን ሪኬልሜ ነው።

ታሪኩ በእርግጥም ለካፌ የተመቸ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2001 ሪኬልሜ በባላንጣው በሪቨር ፕሌት ላይ ግብ ካስቆጠረ በኋላ፣ በክፍያ ጉዳይ የተኳረፋቸው የክለቡ ፕሬዚዳንት ማውሪሲዮ ማክሪ ወደተቀመጡበት አቅጣጫ ዞሮ፣ ሁለት እጆቹን ከጆሮዎቹ ኋላ ደግኖ ቆመ። ምን ማለቱ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ሴት ልጁ ቶፖ ጂጆ የሚባለውን ጆሮ ሰፊ የአሻንጉሊት አይጥ ስለምትወድ ነው አለ። (እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው አንድ ቀን ስብሰባ እንደሚመራ ያኔውኑ መጠርጠር ነበረበት።) ማክሪ ከ2015 እስከ 2019 አገሪቱን መሩ፤ በ2023 መጨረሻ በምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩነት ወደ ቦካ ለመመለስ ሲሞክሩ ግን፣ ከ43 ሺህ በላይ አባላት በተሳተፉበት ምርጫ ያው ጆሮውን የደገነው ልጅ ቡድናቸውን ረታ።

ቦካ ጌታ የለውም። እንደ አብዛኞቹ የአርጀንቲና ክለቦች ለትርፍ ያልቆመ የአባላት ማኅበር በመሆኑ፣ ወርኃዊ መዋጮ የሚከፍለው አባል ፕሬዚዳንቱን ይመርጣል፣ ሲሰለቸውም ይቀይራል። እዚህ ላይ ሲደርስ ጠረጴዛችን ትንሽ ዝም ይላል፤ ምክንያቱም በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን አንሥቶ ከተማዋን ያስጨፈረው ጅማ አባ ጅፋር ደጋፊ ነበረው እንጂ መራጭ አልነበረውም። የጅማ ሰው መዋጮ ከፍሎ፣ እጁን አውጥቶ መሪ የሚመርጠው በዕድሩ ነው። ስለዚህ ነገሩን ለመረዳት ቦካን ስታዲየም ያለው ዕድር አድርጎ ማሰብ ይበቃል። ልዩነቱ አንድ ነው፦ እዚያ ሙሉ አባል ለመሆን ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ወረፋው ላይ እያለም በየወሩ ይከፍላል። ይህን የሰሙት የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ “እኛ አባል ሆኖ እንኳ የሚከፍል አጥተናል!” ብለው ተክዘዋል።

የዕድራችን ሊቀመንበርም የቀድሞ ተጫዋች ናቸው። በወጣትነታቸው ለቀበሌው ቡድን አስር ቁጥር ለብሰው የተጫወቱ ሲሆን፣ የተመረጡት የሒሳብ መዝገብ ማገላበጥ ስለሚችሉ ሳይሆን፣ በአንድ ዝናባማ እሑድ ከሳጥኑ ጠርዝ ስላገቧት፣ በየዓመቱ ርቀቷ እየጨመረ አሁን መሀል ሜዳ ስለደረሰችው ግብ ነው። እኛ የመረጥነው ግቧን ነው፤ ስብሰባውን የሚመሩት ግን ጉልበታቸውን የሚያማቸው የስድሳ ዓመት ሰው ናቸው። ሪኬልሜ ኳስ እግሩ ሥር ከገባች የሚነጥቀው አልነበረም፤ ጋሼም አጀንዳን እንዲሁ ነው የሚይዙት። “የድንኳኑን ጉዳይ በተመለከተ” ይላሉ፤ ወደ ግራ ይወስዱታል፣ ወደ ኋላ ይመልሱታል፣ ጀርባ ሰጥተው ይሸፍኑታል፤ መሽቶ ስብሰባው ሲበተን ድንኳኑ አሁንም በእሳቸው እጅ ነው።

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ አባት ተነሥተው ስለ ድንኳኑ ቅዳጅ ወቀሳ ሲያሰሙ፣ ሊቀመንበሩ ሁለት እጃቸውን ከጆሮዎቻቸው ኋላ ደገኑ። ሪኬልሜን መምሰላቸው ነበር። ወቃሹ ግን ጆሯቸው የከበደ መስሏቸው፣ “ይቅርታ ጋሼ፣ አልሰሙኝም ለካ” ብለው ወቀሳውን ከሀ ጀምረው በታላቅ ድምፅ ደገሙት፤ ጸሐፊዋም ሁለት ጊዜ በቃለ ጉባኤው አሰፈረችው።

የአባላት ክለብ ሌላም ጣጣ አለው። ቦካ ማለት የወንዶች እግር ኳስ ብቻ አይደለም፤ ቅርጫት ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ ፉትሳል፣ የሴቶች እግር ኳስ አለው። የቅርጫት ኳሱ ቡድን በ2024 ከ17 ዓመት ጥበቃ በኋላ የአገሪቱን ሊግ አሸንፏል፤ በካፌያችን ግን ይህን ያነሣ አንድ ሰው የለም፣ እኔ ሳነሣውም ወሬ ያስቀየርኩ ያህል ተገላመጥሁ። በዕድራችንም ድስቱ ተሟልቶ፣ ሲኒው ተቆጥሮ፣ አግዳሚ ወንበሩ ተጠግኖ ሳለ፣ በጅማ ዝናብ ድንኳኑ አንዴ ካፈሰሰ ሊቀመንበሩ አልሠሩም።

እንደ እኔ ግን የቀድሞ ተጫዋች ትልቁ ችግር ምክንያት ማጣቱ ነው። ቦካ በ2025 የክለቦች ዓለም ዋንጫ፣ ኑሯቸውን በሌላ ሥራ ከሚመሩ ተጫዋቾች ከተገነባው የኒውዚላንዱ ኦክላንድ ሲቲ ጋር 1 ለ 1 ተለያይቶ ከውድድሩ ወጣ። ነጋዴ ፕሬዚዳንት ቢሆን “ምን ያድርግ፣ ኳስ አያውቅ” ተብሎ ይታለፍለት ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት ስሙ በስታዲየሙ ሲዘመርለት የኖረ ሰው ግን አያውቅም ሊባል ስለማይችል፣ የቀረው ስድብ ያውቃል የሚለው ብቻ ነው።

የእኛም ምርጫ ደርሷል። ሊቀመንበሩን የሚገዳደሯቸው የያኔው የተቃራኒ ቀበሌ ግብ ጠባቂ ሲሆኑ፣ የምርጫ ቅስቀሳቸው ያች ግብ ከጨዋታ ውጪ ነበረች የሚል ነው። ስለ ድንኳኑ እስካሁን የተናገሩት የለም። በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት የወራት መዋጮ ያልከፈለ አባል መወዳደር ስለማይችል ዕጩነታቸው አጠራጣሪ ነው፤ ደጋፊዎቻቸው ግን፣ የራሳቸውን ውዝፍ ሳይከፍሉ፣ ለእሳቸው ማዋጣት ጀምረዋል።