የስልክ ቁጥር ሰውየው አይደለም
ስለ መግቢያ መድረኮች፣ ማለትም የመተግበሪያ ተጠቃሚ ሲገባ ማንነቱን ስለሚያረጋግጡ አገልግሎቶች፣ የወጣው ጽሑፍ ኦውዝ ዜሮን (Auth0)፣ ኪክሎክንና (Keycloak) ፋየርቤዝን (Firebase) በዋጋ ማወዳደሩ ጥሩ ነው፤ የእኛን ራስ ምታት ግን ዘሎታል። ድሬዳዋ ከዚራ ላለ የልብስ መደብር በሠራነው መተግበሪያ ደንበኛው የሚገባው በስልክ ቁጥርና በአጭር መልእክት ኮድ ብቻ ነበር። አንድ እናት አዲስ ሲም ካርድ አውጥተው ሊመዘገቡ ሲሉ የሌላ ሰው ስም፣ የሰፈሩ አድራሻና የሁለት ሽርጥ ዱቤ ተከፈተላቸው። «ይህ ዕዳ የማን ነው?» ብለው ሱቁ ድረስ መጡ። ቁጥሩ ቀድሞ የሌላ ደንበኛ ኖሯል። ይህን የትኛውም መድረክ ብቻውን አይፈታውም፤ ሁለተኛ ማረጋገጫ መጨመር ነበረብን።

ኦውዝ ዜሮ በወሩ በገቡ ተጠቃሚዎች ብዛት ስለሚያስከፍል፣ በዒድ ሰሞን ሂሳቡ ያብጣል። ኪክሎክ ክፍት ምንጭ (ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ) ነው፣ በሰው ቁጥር አያስከፍልም። «ነፃ ነው» መባሉ ግን አልተዋጠልኝም፤ የሚሠራበትን አገልጋይ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ማደስም፣ በድሬ ሙቀት ማቀዝቀዝም የእኛው ሥራ ሆኗል።