ኪኖሳኪ ለደርሶ መልስ አይሆንም

ጃፓንን ለመጎብኘት ለሚያቅድ ሰው የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ኪዮቶ ወይም ኦሳካ ሆቴል ይያዙ፤ ከዚያ አንዱን ቀን ለፍል ውኃ መድበው ጠዋት በባቡር ሄደው ማታ ይመለሱ። ለአንዳንድ ከተሞች ምክሩ ይሠራ ይሆናል። ለኪኖሳኪ ግን ስህተት ነው። ገንዘብም ጊዜም ያስወጣል፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን እንግዳው ያን ያህል መንገድ ሄዶ ዋናውን ነገር ሳያይ መመለሱ ነው።

ኪኖሳኪ በሂዮጎ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከጃፓን ባሕር ብዙ ሳትርቅ የምትገኝ ትንሽ የፍል ውኃ ከተማ ናት። ከኪዮቶ በባቡር 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከኦሳካ ደግሞ ትንሽ ከዚያ በላይ ይወስዳል። ደርሶ መልሱ ብቻ 5 ሰዓት ይበላል። ከከተማዋ ሰባት የሕዝብ መታጠቢያዎች ሁለቱ፣ ማንዳራ-ዩ እና ያናጊ-ዩ፣ የሚከፈቱት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። (በጃፓን የጊዜ ሰሌዳ 15:00 ተብሎ የሚጻፈው ማለት ነው። እዚህ ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ስለምንጽፍ ትኬት ሲቆርጡ 6 ሰዓት መጨመርዎን አይርሱ።) የቀን እንግዳው ወደ ጣቢያው መመለስ በሚጀምርበት ሰዓት ከተማዋ ገና እየነቃች ነው። እንግዶች ዩካታ የሚባለውን ቀጭን የጥጥ ልብስ ለብሰው፣ በእንጨት ጫማ ድንጋዩን እያንኳኩ፣ በወንዙ ዳር ካለው አኻያ ዛፍ ሥር ከአንዱ መታጠቢያ ወደ ሌላው የሚዘዋወሩት ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው። ኪኖሳኪ ማለት ይህ ነው።

ከተማዋ እንዲህ የሆነችው በአጋጣሚ አይደለም። የአካባቢው ትውፊት እንደሚለው ዶቺ የተባለ መነኩሴ ለ1,000 ቀናት ጸልዮ በ720 ዓ.ም. ገደማ ፍል ውኃው ፈለቀ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለብዙ መቶ ዓመታት ማረፊያ ቤቶቹ የራሳቸው ገንዳ አልነበራቸውም፤ ሁሉም እንግዳውን ወደ ጋራው መታጠቢያ ይልክ ነበር። በግንቦት 1925 የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት ከተማዋን አወደማት። እንደገና ስትሠራ አንድ ማረፊያ ቤት በግቢው ውስጥ የራሱን ገንዳ ሠራ፤ ከዚያ የተነሣው ጠብና ክርክር በስምምነት የተዘጋው በ1950 ነው። ውኃው የጋራ ሆነ፤ ማረፊያ ቤቶች ገንዳ እንዲኖራቸው ተፈቀደ፤ ግን በመጠኑ ተወሰነ። ዛሬም ውኃው ተሰብስቦ በአንድ የማከፋፈያ ሥርዓት ለሁሉም ይዳረሳል። ከተማዋ «ጣቢያው በሯ፣ መንገዱ ኮሪደሯ፣ ማረፊያ ቤቶቹ መኝታ ክፍሎቿ» ተብላ የምትገለጸው ለዚህ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ሳያድሩ መውጣት በር ላይ ቆሞ ተሰናብቶ እንደመሄድ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ። የባቡር ጣቢያው በ1909 ተከፍቷል፤ ከመሀል ከተማው የሚያርቀው ጥቂት የእግር መንገድ ብቻ ነው። መኪና ተከራይቶ መምጣት ትርፉ ድካም ነው፤ የወንዙ ዳር መንገድ ጠባብ ነው፣ ማታ ደግሞ በእግረኛ ይሞላል።

ከኪዮቶ የሚነሣው ፈጣን ባቡር ስሙም «ኪኖሳኪ» ነው። መነሻው በጣቢያው ምዕራብ በኩል፣ በ30ዎቹ ቁጥሮች የተሰየመው መሳፈሪያ ነው። ሺንካንሰን ከሚባለው እጅግ ፈጣን ባቡር ወርዶ ሻንጣ እየጎተቱ እዚያ ለመድረስ 10 ደቂቃ ግድ ይላል፤ ወደ አራሺያማ የሚሄደው የጎብኚ መዓትም ከዚያው አካባቢ ስለሚሳፈር መተላለፊያው ይጨናነቃል። ዋናው ስህተት የሚፈጠረው ግን ባቡሩ ላይ ነው። በዚህ መስመር ሁለት ባቡሮች ተቀጥለው ይነሡና አያቤ ጣቢያ ላይ የሚለያዩበት ጊዜ አለ፤ አንደኛው ወደ ምሥራቅ ማይዙሩ ይሄዳል። የመጣውን ፉርጎ ተሳፍሮ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ሌላ ከተማ ይነቃል። ስለዚህ በትኬቱ ላይ ያለው የፉርጎ ቁጥር የመቀመጫውን ያህል ዋጋ አለው። «ሃሺዳቴ» የሚባለውን የያዘ ሰው ደግሞ ፉኩቺያማ ላይ ወርዶ ከኦሳካ በሚመጣው ባቡር መቀጠል አለበት፤ ይህ ችግር የለውም፣ ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ከኦሳካ የሚነሣው «ኮኖቶሪ» ነው፤ ትርጉሙ ሽመላ። ሁሉም ኮኖቶሪ ግን ኪኖሳኪ አይደርስም፤ ፉኩቺያማ ወይም ቶዮኦካ ላይ የሚያበቃ አለ። ከቶዮኦካ ወደ ኪኖሳኪ በተራ ባቡር 10 ደቂቃ ገደማ ብቻ ቢሆንም ቀጣዩን ብዙ ሊያስጠብቅ ይችላል። ሦስተኛው ምርጫ በሂሜጂ በኩል የሚዞረው «ሃማካዜ» ነው። በናፍጣ የሚሠራ ባቡር ነው፣ በቀን የሚነሣውም ጥቂት ጊዜ ነው። ሂሜጂ ላይ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ስለዚህ ተሳፋሪው መቀመጫውን ራሱ ማዞር አለበት። የሂሜጂን ቤተ መንግሥት ለሚያይ ሰው ተስማሚ ነው፤ ለሌላው አንመክረውም።

ትኬቱ ሁለት ክፍያ አለው፦ የመንገዱ መነሻ ዋጋና የፈጣን ባቡር ተጨማሪ። በከተማ ውስጥ የሚነካ የክፍያ ካርድ ብቻ ይዞ ፈጣን ባቡር ላይ የወጣ ሰው ተጨማሪውን ባቡሩ ውስጥ ይጠየቃል። ከኪዮቶ ሁለቱ ተደምረው ለአንድ ጉዞ ወደ 5,000 የን ይመጣሉ፤ ከኦሳካ ትንሽ ይበልጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚከስርበት ጉዳይ አለ። መላ ጃፓንን የሚሸፍነው የ7 ቀን የባቡር ማለፊያ (አንዴ ተከፍሎበት በእነዚያ ቀናት ደጋግሞ የሚያሳፍር ትኬት) በጥቅምት 2023 ከ29,650 ወደ 50,000 የን ዘሏል። ኦሳካና ኪዮቶ ዙሪያ ለሚቆይ ሰው ያ ዋጋ በምንም መልኩ አይመለስም። በዚያው ወቅት ዋጋው 12,000 የን የሆነው ካንሳይ ዋይድ የተባለው የ5 ቀን ማለፊያ ግን ኪኖሳኪን ይጨምራል። የኪኖሳኪ ደርሶ መልስ ብቻውን 10,000 የን ገደማ ስለሆነ፣ በተከታዮቹ ቀናት ሂሜጂ ወይም ኦካያማ ከተጨመረበት አዋጭ ነው። ማለፊያው በኪዮቶና በሺን-ኦሳካ መካከል ባለው ሺንካንሰን አይሠራም፤ በተራው መስመር መሄድ ያስፈልጋል።

ትልቁን ሻንጣ ይዞ መምጣት አያስፈልግም። የጃፓን ሆቴሎች ሻንጣ ወደሚቀጥለው ሆቴል በአብዛኛው በማግስቱ የሚያደርስ የማመላለሻ አገልግሎት ያዘጋጃሉ፤ አዳሪው የአንድ ሌሊት ቦርሳ ይበቃዋል። ዩካታውንም ፎጣውንም ማረፊያ ቤቱ ይሰጣል። ምግብ ግን ጣቢያ ላይ ይግዙ፣ ባቡሩ ውስጥ ሻይ እንኳ አይሸጥም። መቀመጫ ሲመርጡ ባቡሩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ሲቀመጡ በቀኝ የሚሆነውን ይያዙ። ከቶዮኦካ በኋላ የማሩያማ ወንዝ በዚያ በኩል ተንጣልሎ ይታያል። ባቡሩ የተሰየመባቸው ሽመላዎች በጃፓን ዱር በ1971 ጠፍተው ነበር፤ በ2005 እዚሁ ቶዮኦካ ውስጥ ተመልሰው ተለቀቁ፣ ገበሬዎችም ለእነርሱ ሲሉ በሩዝ ማሳቸው ላይ የሚረጩትን ኬሚካል ቀነሱ። ዕድለኛ ሰው ከመስኮቱ ያያቸዋል።

ኪኖሳኪን ለኢትዮጵያውያን አስበልጠን የምንመክርበት አንድ ተጨባጭ ምክንያት አለ። ብዙዎቹ የጃፓን ፍል ውኃ ቤቶች ንቅሳት ያለበትን ሰው አያስገቡም። ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አንገቷ ላይ ንቅሳት ያላት እናት ይዘው የሚሄዱ ልጆች ይህን ማወቅ አለባቸው፤ በር ላይ መመለስ ያሳፍራል፣ ያሳዝናልም። የኪኖሳኪ የሕዝብ መታጠቢያዎች ግን ንቅሳት ያለበትን ሁሉ ይቀበላሉ።

ሌላው ጉዳይ ዕርቃን ነው። ፍልውኃ ሄዶ በተዘጋ ክፍል መታጠብ ለለመደ የአዲስ አበባ ሰው፣ በጃፓን ወንዶችና ሴቶች ተለያይተው፣ ግን ሁሉም ያለ ልብስ በአንድ ገንዳ እንደሚገቡ አስቀድሞ ይነገረው። የዋና ልብስ አይፈቀድም። ይህ የሚከብደው ሰው ለብቻ የሚያዝ የቤተሰብ ገንዳ ያለው ማረፊያ ቤት ይፈልግ፤ አሉ።

አገባቡ ቀላል ነው። ልብስ በቅርጫት ወይም በቁም ሣጥን ይቀራል፣ ትንሿ ፎጣ ብቻ ትገባለች። አነስተኛው በርጩማ ላይ ተቀምጦ በሳሙና ታጥቦ፣ ሳሙናውን አጥርቶ ማስለቀቅ ይቀድማል፤ ገንዳው ለመታጠቢያ አይደለም፣ ለመዘፍዘፊያ ነው። ረጅም ፀጉርና ሹሩባ ወደ ላይ ይታሰራል፤ ፎጣውም ውኃው ውስጥ አይነከርም። ውኃው 42 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ለጀማሪ 5 ደቂቃ ይበቃል፤ ወጥቶ አርፎ መመለስ ይሻላል። ሰባቱንም በአንድ ምሽት ካልጨረስኩ የሚል ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ሦስት በቂ ነው፤ በመሀል ውኃ ይጠጡ፣ አልኮል ከቀመሱ አይግቡ። ያም ሆነ ይህ ሰባቱ አንድ ላይ ክፍት የሚሆኑበት ጊዜ ብርቅ ነው፤ እያንዳንዱ በሳምንት ውስጥ የራሱ የዕረፍት ቀን አለው። ዩካታውን ሲለብሱ የግራው ጎን ከላይ ይደረባል፤ የቀኙን ከላይ ማድረግ የአስከሬን አለባበስ ነው።

«ማደር ውድ ነው» የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው፤ በተለይ የማረፊያ ቤቶቹ ዋጋ ብዙውን ጊዜ በክፍል ሳይሆን በሰው መሆኑን ያላስተዋለ ሰው ሒሳቡ እጥፍ ሲሆን ይደነግጣል። ነገር ግን እራትና ቁርስ የሌለበት መኝታ ብቻ የሚያከራዩ አሉ፤ ዋጋቸውም በጣም ይቀንሳል። ደግሞም አዳሪ ሰው የመታጠቢያዎቹን መግቢያ ከማረፊያ ቤቱ በነፃ ያገኛል፣ የቀን እንግዳው ግን ይከፍላል።

ስለ ምግቡም መነገር ያለበት አለ። ከኅዳር መጀመሪያ እስከ መጋቢት የኪኖሳኪ ገበታ ሸርጣን ነው፤ ዋጋውም የሚሰቀለው ያኔ ነው። በእምነቱ ሸርጣን የማይበላ ኦርቶዶክሳዊ ወይም ቤተ እስራኤል ይህን ወቅት ቢያልፈው ይሻላል፣ አለዚያም መኝታ ብቻ ይያዝ። ጾመ ነቢያትና ዐቢይ ጾምም ከዚሁ ወቅት ጋር ይገጥማሉ። አትክልት የሚመስለው ሾርባ እንኳ በዓሣ መረቅ የሚሠራ ስለሆነ «ሥጋ አልበላም» ማለት አይበቃም፤ ዓሣውን፣ መረቁን፣ እንቁላሉን በስም ጠቅሶ፣ ቦታ ሲያዝ መጻፍ ነው። በዕለቱ ቢናገሩት ወጥ ቤቱ ምንም ማድረግ አይችልም። እራት በአብዛኛው ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ይቀርባል፤ ዘግይቶ ለደረሰ አይጠበቅም። ስለዚህ ከኪዮቶ እኩለ ቀን ገደማ የሚነሣው ባቡር ይመረጣል፤ መኝታ ክፍሎች ከሚከፈቱበት ከቀኑ 9 ሰዓት ጋር ይገጥማል።

የመመለሻውን መቀመጫ ከመሄጃው ጋር አብረው ይቁረጡ፤ በሸርጣን ወቅት የእሑድ ባቡሮች ይሞላሉ፣ በረዶ ሲበረታም መስመሩ ይዘገያል። አውሮፕላን ባለበት ቀን ጠዋት ከኪኖሳኪ መነሣት አያዋጣም፤ በመካከል አንድ ሌሊት ኦሳካ ይደሩ። ክፍሉን የሚያስረክቡት ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ነው። ከሰባቱ መታጠቢያዎች አንዱ የሆነው ኮኖ-ዩ ግን ከሥራ ውጭ የሆነበት ቀን ካልሆነ ከ1 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፤ ከሁሉ ቀድሞ ለገባ ወንድና ሴት አንዳንድ የእንጨት ማስታወሻ ይሰጣሉ። ከ1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ በሩ ፊት የቆመ ሰው ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ሳይቸኩል ባቡሩን ይደርስበታል።