የወሎ ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁን ሙያ አታስጥሉት

ወገኖቼ፣ ከደሴ እስከ ቆቦ፣ ከባቲ እስከ መካነ ሰላም ያላችሁ ወላጆች፣ አጎቶች፣ አክስቶችና ታላላቅ ወንድሞች፣ ይህ ተግሣጽ ለእናንተ ነው። ልጁ አስተማሪ ልሁን ሲል «ደመወዙ ለቤት ኪራይ አይበቃህም» ብላችሁ ታሳፍሩታላችሁ። ልጅቷ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ገጠር ልመደብ ስትል «እኩዮችሽ ጂዳ ሄደው ለእናታቸው ቤት አቆሙ» ትሏታላችሁ። ንብ ላንባ፣ ሸማ ልሥራ፣ ብረት ልቀጥቅጥ ያለውን ደግሞ ዘመድ ተሰብስቦ ይመክረዋል፤ ምክሩም ብር ወዳለበት ሂድ ነው። ከዚያም በሰርጉም በቅሬውም (በእድሩም) ሰው የሚለካው ስንት ላከ፣ ስንት ክፍል ቤት ሠራ እየተባለ ሆኗል። ይህን ልማድ ተዉት። ልጆቻችሁን እየጎዳ ነው፤ አገሩንም ባለሙያ እያሳጣው ነው።

ችግሩን አቃልዬ አልናገርም። በ1965 እና በ1966፣ ኋላም በ1977 የረሀብን መከራ ያየ አገር ልጁን «ብር ያዝ» ቢለው ምክንያት አለው። መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል ጠቧል፤ ወላጅ ለእርጅናው መጦሪያ ማሰቡም ነውር አይደለም። በሰው ቤት ደክማ ወንድሞቿን ያስተማረች፣ እናቷን ያሳከመች እህት ክብር ይገባታል፤ በእሷ ላይ አፉን የሚከፍት ይፈር። እኔ የምገሥጸው ሌላ ሙያ በልቡ ያደረን፣ ለዚያም እጅና አእምሮ ያለውን ልጅ በእንባና በእርግማን አስፈራርቶ መንገድ የሚያስይዘውን ነው። «ያጠባሁህ ጡቴ ይፍረድ» የምትል እናት ልጇ እንደማይችላት ታውቃለች። የእናትና የአባት ምርቃት በወሎ ትልቅ ነገር ነው፤ ለብር ማስገደጃ አታድርጉት።

ደግሞም ሒሳቡን አታሟሉትም። በሬ ሸጣችሁ ለደላላ ስትከፍሉ የሚጎድለው የበሬው ዋጋ ብቻ አይደለም። ጥማዱ ይፈርሳል፤ እርሻ ሲደርስ መቀናጆ፣ ማለትም በሬውን ከእናንተ ጋር የሚያጣምር ሰው፣ ትፈልጋላችሁ፣ ተራችሁ እስኪደርስ የዘር ጊዜ ያልፋል፤ ካልሆነም መሬቱን ለእኩል ሰጥታችሁ የምርቱን ግማሽ ታጣላችሁ። ጉዞው ከባቲ ቁልቁል ወደ ሚሌ፣ ከዚያ በጅቡቲ በረሃ ወደ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ነው፤ የሳዑዲ ድንበር ገና ከዚያ ወዲያ ነው። በየመሸጋገሪያው ደላላው ይለወጣል፤ አዲሱም ልጁን ይዞ ወደ ቤት ያስደውላል፤ የቀረው በሬም የሚሸጠው ያን ጊዜ ነው። ደርሶ ሥራ ቢያገኝ እንኳ ወረቀት የሌለው ሰው ነውና የሰበሰበው በአንድ ቀን አፈሳ ሊቀር ይችላል። ከሕዳር 2006 ጀምሮ ሳዑዲ ዐረቢያ ወረቀት የሌላቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ዕድሜዋ 18 የሞላ ሴት በራሷ ፈቃድ በኮንትራት ልሂድ ብትል መብቷ ነው፤ በሕጉ ግን የመግቢያ ቪዛዋንና የደርሶ መልስ ትኬቷን የሚከፍለው አሠሪው ነው። በእሷ ላይ የሚወድቀው የፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የመሳሰለው ወጪ ነው። «የቪዛ» ብሎ ከእናንተ የሚጠይቅ ሰው ሕግ እየጣሰ ነውና አትክፈሉት።

አሁን እናንተ ወደምትንቁት ሥራ ልምጣ። ለጋምቦ ወይም ደላንታ ደጋ ላይ ባለ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ምን እንደምታደርግ ስሙ። ሕፃኑ እንደተወለደ ሌላ ፅንስ አለመኖሩን በእጇ አረጋግጣ፣ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን የእናቲቱ ጭን ላይ ትወጋለች። ይህ መርፌ ማሕፀኑ እንዲኮማተርና ደሙ እንዲቆም ያደርጋል። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በዓለም ላይ እናቶችን ከሚገድሉ ምክንያቶች ዋነኛው ነው፤ አምቡላንስ እስኪደርስ አይጠብቅም። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል፤ ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር ፍሪጁ ያሳስባታል፣ የሙቀት መዝገቡን በየቀኑ ትሞላለች። ሕፃኑ ካልተነፈሰ አድርቃ፣ ጀርባውን አሽታ፣ አሁንም እምቢ ካለ ያው አንድ ደቂቃ ሳያልፍ በአምቡ ቦርሳ (በእጅ እየተጨመቀ በሚያስተነፍሰው መሣሪያ) አየር ትሰጠዋለች። እናንተ ይህችን ልጅ ነው በዓመት በዓል ቡና ላይ «ስንት ታገኛለሽ?» ብላችሁ አንገቷን የምታስደፏት። የእናንተንም የልጅ ልጆች በእጇ የተቀበለች እሷ ናት።

ለወጣቶቹም የምለው አለኝ፤ ተግሣጹ ለአንድ ወገን ብቻ አይደለም። እርባና ያለው ሥራ ማለት ደስ የሚለኝ ሥራ ማለት አይደለም። ባይሠራ የሚጎዳ ሰው ያለበት፣ አሰልቺውንም ክፍል ጨምሮ ደጋግመህ ልትሠራው የምትችለው ሥራ ማለት ነው። አስተማሪነትን የሚወድ ብዙ ነው፤ የ60 ልጅ ደብተር አርሞ ማን ፊደል እንደጠፋበት ለይቶ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ከወላጅህ ጋር ከመጣላትህ በፊት ሥራውን በባለሙያ እጅ ሥር ቢያንስ አንድ ሙሉ ወቅት ሞክረው። ከቤተሰብ ግፊት ለመሸሽ ብቻ የተመረጠ ሙያ ብዙ አይቆይም፤ ግፊቱ ሲበርድ ሙያውም ይሰለቻል።

በዚህ የሚሳሳተው ብዙ ስለሆነ የንብ እርባታን ዘርዝሬ ልናገር። የላስታ ነጭ ማር ስሙ የታወቀ ነው፤ እሱን አይቶ አሥር ቀፎ በአንድ ጊዜ የሚገዛ ወጣት አለ። አታድርገው፤ በሁለት ጀምር፤ አንዱ ኅብረ ንብ (በአንድ ቀፎ የሚኖረው የንብ መንጋ) ሲደክም ከሌላው ጋር አስተያይተህ ምክንያቱን ታገኛለህ። የሽግግር ቀፎን፣ ማለትም ከላይ አግዳሚ እንጨት የሚደረደርበትን፣ ከሸንበቆ ወይም ከጨፈቃ ሠርተህ በእበትና በጭቃ ልትመርገው ትችላለህ፤ ወጪው ጥቂት ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው ከላይ የሚደረደረው አግዳሚ እንጨት ነው። ስፋቱ 32 ሚሊ ሜትር ይሁን። የአገራችን ንብ በተፈጥሮዋ ሰፈፎቿን (ማርና እጭ የምትይዝባቸውን የሰም እንጀራዎች) የምታራርቀው በዚያ ልክ ነው፤ እንጨቱ ሲሰፋ ወይም ሲጠብ ሰፈፉ ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው ይሻገራል፣ ስትከፍተውም ተቀዶ እጭና ማሩ አብሮ ይፈርሳል። ለአናጢው በግምት አትንገረው፤ የለካኸውን አንድ እንጨት ናሙና ስጠው። ቀፎው ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ አፉ ወደ ሰው መተላለፊያና ወደ ነፋስ አይዙር፤ ጉንዳን እንዳይወጣ እግሮቹን የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁማቸው።

ንብ የምትባዛውና የምትሰደደው ክረምቱ ወጥቶ አበባው ሲፈነዳ ነውና ቀፎህ ሰም ተቀብቶ በነሐሴ መጨረሻ ዝግጁ ይሁን። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል እስክትወጣ 21 ቀን፣ ንግሥቲቱ 16 ቀን፣ ድንጉላው (ወንዱ ንብ) 24 ቀን ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ በእንቁላልነት የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነውና፣ ይህን ያወቀ ሰው ቀፎውን ከፍቶ እንቁላል ሲያይ ንግሥቲቱ በቅርብ ቀን እንደነበረች ይረዳል፤ ንግሥቲቱን ለማየት ሲል ቀፎውን ሁሉ አያምስም። ማር የሚቆረጠው ከሰፈፉ አራት እጅ ሦስቱ በሰም ሲከደን ነው። ያልተከደነው ውኃ ይበዛዋል፤ በማሰሮ ውስጥ ይፈላል፣ ይኮመጥጣል፣ ገዢው ሁለተኛ አይመለስም። እጭ ያለበትን ሰፈፍ አትንካ። ማሩን ሁሉ ጠርገህ ከወሰድክ ደግሞ በበጋው አበባ ሲጠፋ ኅብረ ንቡ ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል፤ የእኛ ንብ በዚህ ቸኩላ ትሄዳለች። ቢያንስ ጥቂት ሙሉ ሰፈፍ ተውላት፤ ከጎደለም አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠህ፣ በሶ ወይም የሽሮ ዱቄት ጨምረህ አብላት። ኅብረ ንቡ ሲደክም የሰም ብል ይገባበታል፤ ብሉ የድካሙ ምልክት ነውና እሱን ብቻ ማባረር አያድንህም። ጎረቤትህ ጤፉን ወይም ሽምብራውን ኬሚካል የሚረጭ ከሆነ ንቦቹ ገብተው ባደሩበት፣ ማምሻውን እንዲረጭ ቀድመህ ለምነው። ለዚህ ጉርብትናህን አስቀድመህ ማሳመር አለብህ።

ይህን ሁሉ ያልኩት አንድ ነገር ቤተሰቡ እንዲገባው ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት የሚሸጥ ማር ላይኖር ይችላል። ይህን አባት ሳይነገረው ልጁ ሥራ ጀምሮ ኅዳር ላይ ባዶ እጁን ሲመጣ ነው «አላልኩህም?» የሚባለው። በሽመናውም፣ በአናጢነቱም፣ በትምህርቱም ያው ነው፤ ገቢ የማይገኝበት የመማሪያ ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ሽማግሌ ጠርተህ ከወላጆችህ ጋር ተቀመጥ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚታገሡህ ተስማሙ፤ ለንብ ሁለት የማር ወቅት፣ ለእጅ ሙያ ሁለት ዓመት ያንሳል እንጂ አይበዛም። በየወሩ ወይም በየምርቱ ለቤት የምትሰጠው ድርሻ ትንሽም ቢሆን ይወሰን፤ ይጻፍ። ልጁን የሚገድለው «ስትችል» የሚለው ውል ነው፤ ወላጅ ሁልጊዜ ይችላል ብሎ ያስባል፣ ልጅ ሁልጊዜ አልቻልኩም ይላል፣ ቂም ይገባል። ለበሽታና ለለቅሶ የሚሆነው ለብቻ ይነገር። ለሰርግ ድግስ ብሎ የመሥሪያ ገንዘቡን መጠየቅ ግን ከውሉ ውጭ ይሁን።

ያለህን ሥራ ድንገት አትልቀቅ። የስድስት ወር ቀለብና ኪራይ ሳትይዝ ደመወዝ መተው ድፍረት ቢመስልም ከሦስት ወር በኋላ መሣሪያህን ያሸጥሃል። በሬና መሬት ለመነሻ አይሸጥም። ገቢህ በወቅት የሚመጣ ከሆነ በየሳምንቱ ትልቅ ብር የሚጣልበት እቁብ ውስጥ አትግባ፤ ዕጣው ቀድሞ ቢደርስህ እንኳ ቀሪውን ለመጣል ማርህን ሳይበስል፣ ሸማህን በርካሽ ትሸጣለህ። ወጪና ገቢህን በደብተር ጻፍ፣ የራስህንም ጉልበት በቀን ሒሳብ አስገባ። ብዙ ባለእጅ የሚከስረው ጥሬ ዕቃውን ብቻ ቆጥሮ ዋጋ ስለሚያወጣ ነው።

ወደ ታላላቆቹ ልመለስ። ባለእጅን መናቅ በእኛ ዘንድ የቆየ በሽታ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን ጠይብ፣ ቡዳ እያሉ የሚሳደቡትን የሚከለክል ዐዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ዛሬም ግን ሸማውን ለብሶ ሰርግ የሚሄድ ሰው ለሸማኔው ልጁን አይድርም። ሃይማኖታችሁስ ይህን አስተማራችሁ? ነቢዩ ዳውድ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ሙስሊሞቹ ታውቃላችሁ፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ያስተምር እንደነበር ክርስቲያኖቹ ታነባላችሁ። በወዳጃው (በዱአ ጉባኤው) ላይ ሀላል ሪዝቅ፣ ንጹሕ ሲሳይ፣ ስጠን እያላችሁ ዱአ ታደርጋላችሁ፤ ሀላሉን ሪዝቅ ይዞ ሲመጣ ግን ማነሱን ታያላችሁ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት በልጅ ፊት የሚጠቅስ አባትም ልጁ በጉቦ ሲታሰር ማን እንዳስተማረው ይጠይቅ።

ውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ለታናሾቻችሁ መሄጃ የምትልኩትን ብር አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ አስቡት። ከዚያ እጅግ ባነሰ ገንዘብ የሽመና ዕቃ፣ የአናጢ መጋዝና መላጊያ፣ የማር መጭመቂያ ይገዛል። ስትልኩ ግን ለልጁ በጥሬ ብር አትላኩ፤ ዕቃውን የሚያውቅ ባለሙያ አብሮት ገበያ ሄዶ ይምረጥለት፤ ለጀማሪ የማይሆን ትልቅ ማሽን ተገዝቶ መለዋወጫ አጥቶ የቆመበት ቤት ብዙ ነውና።

ሽማግሌዎች፣ የቅሬ ዳኞች፣ «ይህን ልጅ ምከሩልኝ» ተብላችሁ ስትጠሩ ወዲያው አትምከሩ። መጀመሪያ ልጁ ወደሚሠራበት ሂዱ። ቀፎውን፣ የሽመና ጉድጓዱን፣ የመማሪያ ክፍሉን፣ የማዋለጃ ክፍሉን እዩ፤ ደብተሩን አስገልጣችሁ አንብቡ፤ ከጎረቤቶቹም ሥራው ቢቆም ምን እንደሚጎድልባቸው ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ተመልሳችሁ ከአባቱ ጋር ተነጋገሩ።