በሞቴ የሚገባ ትል

ጎንደር ላይ ጥሬ ሥጋ እምቢ ማለት የዋዛ ጉዳይ አይደለም። ሰውዬው አውራ ጣት የሚያህል ቆርጦ፣ አዋዜ አስነክቶ፣ እጁን አፍዎ ድረስ ዘርግቶ «በሞቴ!» ይላል። «ጠግቤያለሁ» ቢሉት «አፈር ስሆን!» ይከተላል። ከዚህ በኋላ ምርጫዎ ሁለት ነው፤ መጉረስ ወይም ሰው መግደል። ይጎርሳሉ። በዚያች ጉርሻ ውስጥ አንድ እንግዳ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ቢሆን በር አልሰበረም፣ በሞቴ ተብሎ ነው የገባው።

እንግዳው የኮሶ ትል ነው። ሥጋው ውስጥ እያለ ገና ትል አልሆነም፤ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ነው፣ ቢተልቅ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ። ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ ቀብሮ ይጠብቃል። አንጀት ሲደርስ ብቅ ያደርገውና በአራት መምጠጫዎች ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ከአንገቱ ሥር ቁራጭ በቁራጭ ላይ እየበቀለ በሦስት ወር ገደማ ውስጥ ይጎለምሳል። ሙሉው ትል አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሜትር ይረዝማል፤ ከ1,000 እስከ 2,000 ቁራጮች አሉት። አፍም አንጀትም የለውም፤ እርስዎ የፈጩትን በቆዳው ይመጥጣል። እንግዲህ ጎንደር እየኖረ ማንም ሊያጎርሰው ያልቻለ ፍጡር ይኸው እሱ ነው። ወንዱም ሴቱም ራሱ ስለሆነ ሽማግሌ አይልክም፣ ድንኳን አያስጥልም።

ጥገኛ ሁሉ ጨካኝ ይመስለናል። ነገሩ ግን በየትኛው ቤት እንዳለ ይወሰናል። ጎልምሶ እንቁላል የሚጥልበት ዋናው አስጠጊው ነው፤ ልጅነቱን የሚያሳልፍበት ደግሞ መሸጋገሪያው። የኮሶ ትል ዋና ቤት ሰው ብቻ ነው፣ መሸጋገሪያው ከብት። በዋናው ቤት ጨዋ ነው፤ ቤቱ ከፈረሰ እሱም አብሮ ሜዳ ላይ ይወድቃልና። ባለቤቱን አንዳንዴ ሆዱን ቆረጥ ያደርገዋል፣ አንዳንዴ ያቅለሸልሸዋል፣ ብዙ ጊዜ ምንም አይለውም። በመሸጋገሪያ ቤት ግን ይሉኝታ የሌላቸው ጥገኞች አሉ። ከውሻ ትሎች አንዱ እጩን፣ ማለትም ገና ያልጎለመሰ ልጁን፣ በበግ አንጎል ውስጥ ያሳድጋል፤ በጓ አንገቷን ወደ ጎን አጥፋ አንድ ቦታ ትዞራለች፣ ከመንጋው ትቀራለች፣ ለአውሬና ለውሻ ትመቻለች። ትሉ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ቀጣዩ ቤቱ የውሻው ሆድ ነዋ! የራስ ቅማል ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ ከተወለደበት ራስ ከወረደ በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል። መዥገር እንደየዘሩ ነው፤ አንዳንዱ በዕድሜው ሦስት እንስሳ ይለዋውጣል፣ ከእያንዳንዱ አንዴ ጠግቦ ይወርዳል።

ወደ ከብቱ እንመለስ። «የዘንድሮ በሬ ኮሶ በዛበት» እያሉ በሬውን ማማት የተለመደ ነው። ሐሜቱ ግፍ ነው። በሬ ከበሬ ኮሶ አይጋባም፤ በሬውን የሚያስይዘው ሰው ነው። የጎለመሰው ቁራጭ እስከ 100,000 እንቁላል ይዞ ከትሉ ይገነጠልና፣ ራሱ እየተንቀሳቀሰ፣ መጸዳጃ ሳይጠብቅ ይወጣል። ለቅሶ ቤትም ስብሰባም አይመርጥም። ሰውዬው በልቡ «ወይ ጉድ!» እያለ ፊቱን ያስተካክላል። ከከተማ ወጣ ሲል ደግሞ ጥሻ ሥር ይቀመጣል። እንቁላሉ ሣር ላይ ለወራት ይቆያል። በሬው ከሣሩ ጋር ይውጠዋል፤ እንቁላሉ ይፈለፈልና አንጀቱን በስቶ፣ በደም ተጉዞ፣ ብዙ የሚሠሩትን ጡንቻዎች ይይዛል፦ ልብ፣ ምላስ፣ የመንጋጋ ሥጋ፣ ወርች። ከ10 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ለጉርሻ ይደርሳል። እርስዎ ጥሻ ሥር የተዉትን ነው በገንዘብዎ ገዝተው የሚበሉት።

ቄራ ላይ የሥጋ መርማሪው እነዚያኑ ቦታዎች ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጎ ያያል። በሬውን በሙሉ በስስ በስሱ ከፍቶ ማየት አይችልም፤ ያን ቢያደርግ ሥጋው ሁሉ ክትፎ ሆኖ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ጥቂት ከረጢት ብቻ ያለበት በሬ ያመልጠዋል። ቅርጫ ላይ ግን መርማሪም የለም። 55 ቀን ሁዳዴን የጾመ ሰው ለምርመራ ትዕግሥት ከየት ያመጣል? መርማሪው ትልቁን ቢላ የያዘው ነው። መደቡ እኩል ይደረጋል፣ ዕጣ ይጣላል፣ «ለአንተ ሻኛ በዛ» ተብሎ ይኮረፋል፤ የማይኮረፍበት ብቸኛ ድርሻ የኮሶው ድርሻ ነው።

የቅርጫው ትልቁ ጥፋት ግን መጨረሻ ላይ ነው። በሬው ከደምቢያ ወይም ከፎገራ ረግረግ የመጣ ከሆነ ጉበቱ ውስጥ ቅጠል የመሰለ የጉበት ትል ይገኛል፤ ያን ቀንድ አውጣ ነው የሚያቀባብለው። ሳንባው ላይ ደግሞ ውሃ የቋጠረ እጭ ሊኖር ይችላል። «ይኼስ አይበላም» ይባልና ለሰፈር ውሻ ይወረወራል፤ እንደ ምጽዋትም ይታሰባል። ከሳንባው እጭ ግን በውሻው አንጀት ውስጥ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ትናንሽ ትሎች ያድጋሉ። እንቁላላቸው ከውሻው እዳሪ ወደ ሕፃን እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄድና በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያንኑ የውሃ ቋጠሮ ያበቅላል፤ ያ ሲገዝፍ በኦፕሬሽን ወደ ማውጣት ያደርሳል። ስለዚህ የተጣለ ሳንባና ጉበት ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቀበራል ወይም ይቃጠላል።

ሥጋው ጠረጴዛ ላይ ከቀረበ በኋላ ደግሞ ሊቃውንቱ ብዙ ናቸው። አንዱ ሚጥሚጣ ያቃጥለዋል ይላል፣ ሌላው አዋዜ፣ ሦስተኛው ብርጭቆውን አንሥቶ አረቄ። አረቄ የሚያሰክረው ጠጪውን ብቻ ነው። ከረጢቱን የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ሥጋው መሐሉ ድረስ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ። ለብ ለብ ያለ ክትፎ እዚያ አይደርስም። ብርድም ይገድለዋል፤ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ለ10 ቀን ማቆየት ነው። መብራት ሳይጠፋ፣ ማለታችን ነው።

ከዚያ መድኃኒት ቤት ይኬዳል። ሥጋ ቤት ውስጥ ሲጣራ የነበረው ድምፅ እዚህ ሹክሹክታ ይሆናል፤ «የኮሶ መድኃኒት… ለልጅ ነው» ይላል። ይሉኝታው እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው። የኮሶ ክኒኑ ኒክሎሳማይድ ለአዋቂ በአንድ ጊዜ 2 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራም 4 ክኒን ነው፤ በባዶ ሆድ በደንብ ታኝኮ ይዋጣል። ለልጅ ያንሳል። «ለልጅ ነው» ያለ ባለ 70 ኪሎ ሰው የልጅ መጠን ይዞ ይሄዳል፣ ያንኑም ሳያኝክ ይውጠዋል። ትሉ ተበጣጥሶ ይወርዳል፣ ጭንቅላቱ ግን ተለጥፎ ከቀረ በሦስት ወር ገደማ እንደገና ቁራጭ ይታያል። ያኔ «መድኃኒቱ አይረባም» ይባላል። ፕራዚኳንቴልም አለ፤ እሱም በኪሎ ይሰላልና እውነተኛውን ኪሎ መናገር ግድ ነው።

ክኒኑ ሳይመጣ የነበረው የኮሶ ዛፍ ነው፤ በሰሜን ተራሮች ደጋ ላይ ዛሬም አለ። የሴቴው ዛፍ ቀይ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። መራራነቱ አይወራም፤ መጠኑ ከበዛም ዐይን እስከ መጉዳት ይደርሳል። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ዛፉን በ1790 ባሳተመው ጽሑፉ ሲገልጽ በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰይሞት ነበር፤ እንግዳ ሆኖ መጥቶ የባለቤቱን ዛፍ ለጓደኛው መስጠቱ ነው። ስሙ አልጸናለትም።

የድሮው ኮሶ አንድ ጥቅም ነበረው። ኮሶ የጠጣ ሰው በሩን ዘግቶ ይውላል፤ ዳኛም ይሁን አበዳሪ «ጌቶች ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ አንገቱን ነቅንቆ ይመለሳል። አልፎ አልፎ ያልጠጡትም ጠጥተዋል ይባል ነበር። ክኒኑ በአምስት ደቂቃ ታኝኮ ስለሚያልቅ ይህን ምክንያት አጥፍቶብናል፤ ብድር የተበደረ የዛሬ ጎንደሬ ስልኩን አንሥቶ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ከማለት ሌላ መውጫ የለውም።