ማስተካከያ፦ ወደ ጄኔቫ የተወሰደውን አውሮፕላን የጠለፈው መንገደኛ አይደለም

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ፣ በ2006 ዓ.ም. ጄኔቫ ያረፈውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን «መንገደኞች የኮክፒቱን በር ሰብረው» እንደጠለፉት ይናገራል። ስህተት ነው።

ጠላፊው ረዳት አብራሪው ራሱ ነበር። የካቲት 10 ቀን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሮም በሚደረገው በረራ ላይ ዋና አብራሪው ሽንት ቤት ሊሄድ ወጣ። ረዳቱ በሩን ከውስጥ ቆለፈው፤ በቃ። ጄኔቫ ካረፈ በኋላ በኮክፒቱ መስኮት በገመድ ወርዶ እጁን ሰጠ። የተጎዳ ሰው የለም። ይህን ያሉት የስዊዘርላንድ ባለሥልጣናት ናቸው፣ በወቅቱ በሰጡት ይፋዊ መግለጫ።

ጽሑፉ ከዚህ ተነስቶ «በሩ ይጠንክር» ይላል። በሩማ እ.ኤ.አ. ከ2001ዱ የመስከረም ጥቃት በኋላ ጠንክሯል! ዋና አብራሪውን ውጭ ያስቀረውም እሱው ነው። እዚህ ላይ የሚያከራክረው አንዱ አብራሪ ሲወጣ ማን ይግባ የሚለው ነው። የአውሮፓ የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ ኮክፒት ውስጥ ሁሌም ሁለት ሰው ይኑር ብሎ የመከረው እ.ኤ.አ. በ2015 ከጀርመንዊንግስ አደጋ በኋላ ነው፤ ያኔም ረዳት አብራሪው ዋናውን ውጭ ቆልፎበት አውሮፕላኑን ሆን ብሎ ከስክሶታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን ምክሩን አላልቶ ውሳኔውን ለአየር መንገዶቹ ተወው። ተቺዎቹ ሰው በተቀያየረ ቁጥር በሩ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል ባይ ናቸው።