የት ደረስክ?

ሰው የወደደውን መጽሐፍ፣ ዘፈን ወይም ፊልም ለብቻው መውደድ ለምን እንደሚያቅተው እንጃ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ደህና አረቄ የሚያወጡ እትዬ ያገኘ ሰው ዝም ይላል፣ ቤቱ እንዳይጨናነቅበት። በርከስ ያለ በግ ያገኘማ ለወንድሙም አይተነፍስ። ጥሩ መጽሐፍ ያገኘ ዕለት ግን አለቀልህ። ከተማውን ሁሉ ሳያስነብብ እንቅልፍ አይወስደውም።

እዚሁ መሥሪያ ቤት የሚሠራ አንድ ወዳጅ አለን። ይሄ ሰው መጽሐፍ ሲወድ አያውስም፣ ያሸክማል። «በሞቴ አንብበው!» ይላል። ለመጽሐፍ «በሞቴ»! ጉርሻ ቢሆን አፍህን ከፍተህ ትገላገላለህ፣ አራት መቶ ገጽ ግን በአንድ በሞቴ አይዋጥም። ደግሞ ሰጥቶ ዝም ቢል ጥሩ። ሻይ ቤት፣ ሰው መሀል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠይቅሃል።

«እህ፣ የት ደረስክ?»

«እ... ሰውየው ከቤቱ ሲወጣ።» በየትኛው ልብወለድ ነው ሰው ከቤቱ የማይወጣው?

«የቱ ሰውዬ?»

«ዋናው።»

«ዋናዋ እኮ ሴት ናት!»

ከዚህ በኋላ የሻይህን ሒሳብ ከፍሎልህም ቢሆን ይቀየምሃል። ብርድ ነው ብለህ ማመካኘትም አይቻልም፣ ብርዱ ራሱ ለእሱ ነው የሚመሰክረው። «ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ያውም የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ እየኖርክ፣ ማታ ማታ ሌላ ምን ሥራ አለህ?» ይልሃል። የመንዝ ባና ተከናንቦ ማንበብን ያልሞከረው ያወራል። አፍንጫና ዓይን ውጭ ይቀራሉ፣ ገጽ ለመግለጥ ደግሞ አንድ ጣት መሰዋት አለበት። ለዚህ ነው እኛ አገር አጫጭር ምዕራፍ ያለው መጽሐፍ የሚወደደው (ጥናት የለኝም፣ ጣቴን ነው የማምነው)።

አሁን ደግሞ ፒዲኤፍ መጣ። ድሮ «መጽሐፉን ዘመድ ወሰደብኝ» ብሎ ማምለጥ ነበር። ዛሬ በቴሌግራም ይልክልሃል፣ ማየትህንም ስልኩ ይነግረዋል። የደራሲው እንጀራ ነገር ይቆየን፣ እሱን ካነሳን ብዙዎቻችን እንቀያየማለን።

መጽሐፍ ግን ይዘጋል። የሹፌርን የዘፈን ፍላሽ ማን ይነቅላል? ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለአንድ አልበም ከበቂ በላይ። ሰንዳፋ ላይ ይከፈታል፣ ሸኖ አካባቢ ያልቃል፣ ጫጫ ሳትደርስ ከመጀመሪያው ተነስቷል። ደግሞ መስማትህ አይበቃውም፣ መደነቅህንም ማየት ይፈልጋል። በመስታወቱ እያየን «ይቺን ግጥም ስሟት! ስሟት!» ሲል መሪውን ለቆ እጁን ያወናጭፋል። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ግጥሙን ሰምተናል፣ አንተ ብቻ መሪውን ያዝልን» አሉት። ያደነቁት መስሎት ድምፁን ጨመረ።

የድሮ ዘፈን ወዳጅ ደግሞ አለ። ለእሱ ሙዚቃ ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ወዲህ ቆሟል። «የዛሬ ዘፈን ዘፈን ነው?» ይላል እንባ እየተናነቀው። እሱ ራሱ የተወለደው እኮ ካሴት ሊጠፋ ሲል ነው!

ፊልምማ አብሮ ማየት ነው ጣጣው። የጋበዘህ ሰው ስክሪኑን አያይም፣ ፊትህን ነው የሚያየው። «አሁን እይ! አሁን!» ይላል። ቀጥሎ «እሷ መጨረሻ ላይ የምትሆነውን አልነግርህም» ብሎ ቀና ብሎ ሰማዩን ያሳይሃል።

በዚህ በኩል ትልልቆቹ ይሻላሉ። አንድ የሰፈራችን ጋሼ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብበውት እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «አሳምሬ! በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ!» አሉኝ። በሬዲዮ ሲተረክ ሰምተው ነው እንግዲህ። የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ በዓይኑ የሚያነብ ሰው እንደሚያበላሸው ነው የሚያምኑት። የጉዱ ካሳን ነገር ሲያነሱ ድምፃቸው ይለወጣል፣ ጎናቸውም ይሰፋል። እሳቸው ግን ቢያንስ አይጠይቁም። ራሳቸው ተርከው ይጨርሱልሃል።

ለነገሩ መጽሐፍ በማስነበብ የዚህችን ከተማ ቆርቋሪ የሚያህል የለም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ቢታይ ቦታውን ደብረ ብርሃን አሉት፣ «መጽሐፈ ብርሃን» የሚባል ድርሳንም በስማቸው አለ። ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብም ሥርዓት ሠርተዋል። የእመቤታችንን 33 በዓላት እንዲከበሩ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ለእሳቸው «ገና እየጀመርኩት ነው» ማለት የሚሞከር አልነበረም።

ይሄን ለዚያ ወዳጃችን ባጫውተው ብዙ አሰበበት። «አየህ፣» አለኝ በመጨረሻ፣ «እኔ የጎደለኝ ሥልጣን ነው።»

ሰሞኑን ቡድን መሪ ሆኖ ተሾሟል። ከሥሩ ያሉት ሠራተኞች ከወዲሁ ምዕራፍ ተከፋፍለዋል አሉ።